ምሰሶ ሲለወጥ ቤቱ እንዳይወድቅ
የአሠልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን የቡድን ግንባታ
(ንባብና መልመጃ፤ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል)

መግቢያ

የዚህ እትም የንባብ ትምህርታችን ስለ እግር ኳስ ነው። ዓላማው ግን ስለ ጎልና ስለ ዋንጫ ብቻ ለማውራት አይደለም። አንድ አሠልጣኝ አንድን ክለብ ለ26 ዓመት ከመንፈቅ ይዘው ሲቆዩ፣ ተጫዋቾቹ እያረጁና እየሄዱ ቡድኑ ግን ሳይፈርስ እንዴት እንደዘለቀ እንመለከታለን። እኚህ ሰው የእንግሊዙ ማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ የነበሩት ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ናቸው።

የገጠር ቤት ሲታደስ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ምሰሶው ሲነቅዝ ባለቤቱ ዝም ብሎ አይነቅለውም፤ ቢነቅለው ጣራው ይወርድበታል። አስቀድሞ አዲሱን እንጨት ቆርጦ ያደርቃል። ቀጥሎ ጣራውን በባላ ይደግፋል። አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን የሚተክለው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤተሰቡ እዚያው ቤት ውስጥ ያድራል። የፈርጉሰን ሥራ እንዲህ ያለ ነበር።

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ሰውየው ከየት ተነሡ?

አሌክስ ፈርጉሰን የተወለዱት ዲሴምበር 31 ቀን 1941 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ ጎቫን በሚባል የመርከብ ሠሪዎች ሠፈር ነው። አባታቸው የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የፋብሪካ መሣሪያዎችን የመሥራት ሙያ ተምረዋል፤ በሠራተኛ ማኅበርም ተሳትፈዋል። በኋላ አጥቂ ሆነው ለተለያዩ የስኮትላንድ ክለቦች ከተጫወቱ በኋላ በ1974፣ ገና በ32 ዓመታቸው፣ አሠልጣኝ ሆኑ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነላቸውም። በ1978 ሴንት ሚረን ከሚባለው ክለብ ተባረሩ። በዚያው ዓመት ወደ አበርዲን ሄዱ። በዚያን ጊዜ የስኮትላንድ እግር ኳስ በሁለት የግላስጎው ክለቦች፣ በሴልቲክና በሬንጀርስ እጅ ነበር ማለት ይቻላል። ፈርጉሰን ግን ከአበርዲን ጋር የአገሪቱን ሊግ 3 ጊዜ አሸነፉ። በ1983 ደግሞ ስመ ጥሩውን ሪያል ማድሪድን 2 ለ 1 ረትተው የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወሰዱ።

2. የመጀመሪያው ግንባታ (ከ1986 እስከ 1993)

ፈርጉሰን ማንቸስተር ዩናይትድን የተረከቡት ኖቬምበር 6 ቀን 1986 ነው። ክለቡ በዚያን ሰዓት ከ22 ቡድኖች 21ኛ ነበር። የእንግሊዝን ሊግ ካሸነፈም 19 ዓመት አልፎታል፤ የመጨረሻው በ1967 ነበር። ስሙ ትልቅ፣ ሜዳው ትልቅ፣ ደጋፊው ብዙ ነው። ውስጡ ግን ተዳክሟል። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች ጉዳት ይደጋግማቸዋል፤ መጠጥ የሚያበዙም ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ ሁሉም የሚጠብቀው የቅዳሜው ጨዋታ እንዲሸነፍለት ነው። ፈርጉሰን የቅዳሜውን ቡድን ሳይተዉ ከሥር ያለውንም ጀመሩ። ጎበዝ ልጆችን ፈልገው የሚያመጡ መልማዮችን ቁጥር አበዙ። የወጣቶቹን ቡድን ሥራ በቅርብ ተከታተሉ። ለምሳሌ ያህል በጎረቤቱ ክለብ በማንቸስተር ሲቲ ዘንድ ይለማመድ የነበረ አንድ ልጅ ነበር። ልጁ 14 ዓመት በሞላው ቀን፣ በኖቬምበር 1987፣ ፈርጉሰን ራሳቸው ቤቱ ድረስ ሄደው አስፈረሙት። ይህ ልጅ ራያን ጊግስ ነው። ለዋናው ቡድን መጫወት የጀመረው በ1991 ሲሆን እስከ 2014 ድረስ 963 ጨዋታዎችን አድርጓል።

የተዘራው እስኪበቅል ግን ረሃብ አለ። ቡድኑ በ1989 በ11ኛ፣ በ1990 በ13ኛ ደረጃ ጨረሰ። በሴፕቴምበር 1989 በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 1 ተሸነፈ። ደጋፊዎች ሰበብ ሰለቸን፣ ይሂዱልን የሚል ጽሑፍ ይዘው ሜዳ ገቡ።

በጃንዋሪ 1990 በኤፍ ኤ ዋንጫ ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋር ሲጫወቱ ብዙ ሰው ከተሸነፉ ይባረራሉ ብሎ ነበር። የክለቡ ኃላፊዎች ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ አልነበረንም ብለዋል። ጨዋታውን ዩናይትድ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጎሉን ያገባው የ20 ዓመቱ ማርክ ሮቢንስ ነበር። በዚያው ዓመት በፍጻሜው ከክሪስታል ፓላስ ጋር 3 ለ 3 ወጥተው በድጋሚው ጨዋታ 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ጎሉን ያስቆጠረው ሊ ማርቲን ነው። ሁለቱም ከክለቡ ወጣቶች ቡድን ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያስገኙት እንግዲህ በውድ ዋጋ የተገዙ ኮከቦች ሳይሆኑ ከቤት የወጡ ልጆች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተቃና። በ1991 ባርሴሎናን 2 ለ 1 አሸንፈው የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወሰዱ። በዚያው ዓመት ግብ ጠባቂው ፒተር ሽማይክል፣ በ1992 ደግሞ ፈረንሳዊው ኤሪክ ካንቶና መጡ። በ1993 ማንቸስተር ዩናይትድ ከ26 ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ፈርጉሰን ከመጡ ሰባተኛ የውድድር ዓመታቸው ነበር።

3. ሁለተኛው ግንባታ፦ የልጆቹ ቡድን (ከ1995 እስከ 1999)

ሲሸነፉ ቡድን መለወጥ ከባድ አይደለም፤ ሁሉም ለውጥ ይጠይቃል። ከባዱ ሲያሸንፉ መለወጥ ነው። ዩናይትድ በ1993ና በ1994 ሻምፒዮን ሆኖ በ1995 ሁለተኛ ወጣ። በዚያ ክረምት ፈርጉሰን ሦስት ታላላቅ ተጫዋቾችን አሰናበቱ። እነሱም የ31 ዓመቱ ማርክ ሂዩዝ፣ የ27 ዓመቱ ፖል ኢንስና የ26 ዓመቱ አንድሬ ካንቼልስኪስ ናቸው። ደጋፊው ተቆጣ። በምትካቸው ትልቅ ስም ያለው ሰው አልተገዛም።

ምክንያቱ ተተኪዎቹ ቤት ውስጥ ስለ ነበሩ ነው። በ1992 የክለቡ ወጣቶች ቡድን የእንግሊዝን የወጣቶች ዋንጫ ሲወስድ ጊግስ፣ ዴቪድ ቤካም፣ ኒኪ በትና ጋሪ ኔቭል ነበሩበት። ፖል ስኮልስና ፊሊፕ ኔቭልም ተከትለው መጡ። እነዚህን ልጆች ለዓመታት የኮተኮቱት አሠልጣኝ ኤሪክ ሃሪሰን ይባላሉ። ስማቸው እንደ ፈርጉሰን ባይጠራም ሥራው ያለ እሳቸው አይታሰብም።

ኦገስት 19 ቀን 1995 የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ዩናይትድ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የቀድሞው የሊቨርፑል ተጫዋች አለን ሀንሰን በቴሌቪዥን ቀርቦ በልጆች ዋንጫ አይገኝም የሚል አስተያየት ሰጠ። ግንቦት ሲደርስ ግን እነዚያው ልጆች ሊጉንም የኤፍ ኤ ዋንጫንም ወሰዱ። በውድድር ዘመኑ አጋማሽ ኒውካስል በ12 ነጥብ ይመራ ነበር፤ ደርሰውበት አለፉት።

ሀንሰን ያለው ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነበር ማለት ግን አይቻልም። ልጆቹ ብቻቸውን አልነበሩም። ከኋላቸው ሽማይክል፣ ብሩስ፣ ፓሊስተርና ኧርዊን፣ ከፊታቸው ካንቶና፣ በመሐል ሮይ ኪን ነበሩ። ሦስት ምሰሶ ሲወጣ ጣራውን ደግፈው የያዙት እነዚህ ናቸው። ፈርጉሰን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቢለውጡ ኖሮ የሀንሰን ቃል እውነት ይሆን ነበር።

በ1997 ካንቶና ጨዋታ አቆመ። ቡድኑ እንደገና ተጠገነ፤ በ1998 ተከላካዩ ያፕ ስታምና አጥቂው ድዋይት ዮርክ ተጨመሩ። በ1999 ዩናይትድ ሊጉን፣ የኤፍ ኤ ዋንጫንና የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን አሸነፈ። ሜይ 26 ቀን በባርሴሎና በተደረገው ፍጻሜ ባየርን ሙኒክ እስከ መደበኛው ሰዓት ማለቂያ 1 ለ 0 ይመራ ነበር። በባከነው ሰዓት ቴዲ ሸሪንግሃምና ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ሁለት ጎል አገቡ። ሁለቱም ተቀይረው የገቡ ናቸው። ኪንና ስኮልስ በቅጣት ምክንያት አልተሰለፉም ነበር።

4. ሦስተኛው ግንባታ (ከ2003 እስከ 2008)

በ2003 ቤካም ለሪያል ማድሪድ ተሸጠ። በዚያው ክረምት ከፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ የ18 ዓመቱ ክሪስቲያኖ ሮናልዶ፣ በተከታዩ ዓመት ከኤቨርተን የ18 ዓመቱ ዌይን ሩኒ መጡ። ሁለቱም ችሎታ ነበራቸው፤ ብስለት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። አርሰናል በ2004 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን ወሰደ። ቼልሲ በ2005ና በ2006 ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ። ዩናይትድ በዲሴምበር 2005 ከሻምፒዮንስ ሊግ በምድብ ደረጃ የመጨረሻ ሆኖ ተሰናበተ። ከ1997 ጀምሮ አምበል የነበረው ኪን ከአንድ ወር በፊት ከክለቡ ወጥቷል። ጋዜጦች የፈርጉሰን ዘመን አበቃ ብለው ጻፉ። እሳቸው 64 ዓመት ሊሞላቸው ቀናት ቀርተዋቸው ነበር።

በጃንዋሪ 2006 ተከላካዮቹን ኔማንያ ቪዲችንና ፓትሪስ ኤቭራን አመጡ። በክረምቱ ብዙ ጎል ያገባ የነበረውን ሩድ ቫን ኒስትልሮይን ሸጡ። ሰው ሁሉ ጎሉን ማን ሊያገባ ነው ብሎ ጠየቀ። መልሱ ሮናልዶና ሩኒ ነበሩ። ዩናይትድ በ2007፣ በ2008ና በ2009 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሻምፒዮን ሆነ።

ሜይ 21 ቀን 2008 በሞስኮ ዩናይትድና ቼልሲ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ተገናኙ። 1 ለ 1 ወጥተው በፍጹም ቅጣት ምት ዩናይትድ 6 ለ 5 አሸነፈ። ያን ቀን ሜዳ ላይ የነበሩትን ዕድሜ ተመልከቱ፦ ሩኒ 22፣ ሮናልዶ 23፣ ፈርዲናንድ 29፣ ስኮልስ 33፣ ተቀይሮ የገባው ጊግስ 34። ልጅ፣ ጎልማሳና አንጋፋ በአንድ ማልያ ተገናኝተዋል። የፈርጉሰን ዘዴ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገውም።

5. የመጨረሻዎቹ ዓመታት (ከ2009 እስከ 2013)

በ2009 ሮናልዶ በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ዩናይትድ ግን በ2011 ሻምፒዮን ሆኖ የሊግ ድሉን 19 አደረሰ፤ በዚህም ሊቨርፑል በዚያን ጊዜ የነበረውን 18 አለፈ። በ2012 ዩናይትድና ማንቸስተር ሲቲ እኩል 89 ነጥብ ይዘው ሲቲ በጎል ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ። ጎሉ የተገኘው በመጨረሻው ጨዋታ በባከነው ሰዓት ነው። ፈርጉሰን በክረምቱ የ29 ዓመቱን ሮቢን ቫን ፐርሲን ከአርሰናል ገዙ። እሱም 26 የሊግ ጎል አግብቶ ቡድኑ በ2013 በ11 ነጥብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ።

ሜይ 19 ቀን 2013 ፈርጉሰን ከዩናይትድ ጋር 1,500ኛና የመጨረሻ ጨዋታቸውን አደረጉ። ውጤቱ 5 ለ 5 ነበር። በ71 ዓመታቸው ሲሰናበቱ ለክለቡ 38 ዋንጫዎች አስገኝተዋል፤ 13ቱ የሊግ ናቸው።

6. ዘዴያቸው ምን ነበር?

አንደኛ፣ አስቀድሞ ማየት። ፈርጉሰን እንዳስረዱት አንድ ጥሩ ቡድን የሚቆየው ወደ አራት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለውጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የሚኖረውን ቡድን ያስቡ ነበር።

ሁለተኛ፣ በዕድሜ መከፋፈል። ተጫዋቾቻቸውን በሦስት ይመድቧቸዋል፦ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከ23 እስከ 30 ያሉ፣ ከ23 በታች የሆኑ። ከላይ ያለው ሲወጣ መካከለኛው ቦታውን ይይዛል፤ ታናሹም ከሥር ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ሥራን ማካፈል። የዕለት ልምምዱን ለረዳቶቻቸው ይሰጣሉ፤ እሳቸው ዳር ቆመው ያያሉ። አርቺ ኖክስ፣ ብራያን ኪድ፣ ስቲቭ ማክላረን፣ ካርሎስ ኬሮሽና ሌሎችም በየተራ ረድተዋቸዋል። ዳር የቆመ ሰው ማን እንደ ደከመ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን እንደ ጎበዘ በደንብ ያያል። ረዳቶቹ ሲለዋወጡም አዲስ ዕውቀት ይገባል።

አራተኛ፣ ለመጨረሻው ደቂቃ መዘጋጀት። አሥር ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር ምን እንደሚደረግ በልምምድ ላይ ይሠሩበት ነበር። ስለዚህ በባርሴሎና የሆነው ዕድል ብቻ አይደለም።

ገንዘብም ረድቷል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ማንቸስተር ዩናይትድ ሀብታም ክለብ ነው። ነገር ግን ገንዘብ የነበራቸው ክለቦች ብዙ ሲሆኑ 26 ዓመት ከአንድ አሠልጣኝ ጋር የዘለቁት ጥቂት ናቸው።

7. ያልተሳካውና ያስከፈለው ዋጋ

ግንባታ ሰውን ያስከፋል። ግብ ጠባቂው ጂም ሌይተን ከአበርዲን ጀምሮ ከፈርጉሰን ጋር የነበረ ሰው ነው። በ1990 ከፓላስ ጋር ከተደረገው የመጀመሪያ የፍጻሜ ጨዋታ በኋላ ለድጋሚው አስቀርተው ሌስ ሲሊን አሰለፉ። ዋንጫው ተገኘ፤ የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት ግን ተበላሸ። በ2001 ስታምን ለላትሲዮ መሸጣቸውም ስሕተት እንደ ነበር ፈርጉሰን ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል።

ትልቁ ጥያቄ ግን የመጨረሻው ነው። በ2013 ሲሰናበቱ ጊግስ 39፣ ስኮልስ 38፣ ፈርዲናንድ 34፣ ኤቭራ 32፣ ቪዲች 31 ዓመታቸው ነበር። ስኮልስ አብሯቸው ጨዋታ አቆመ፤ የቀሩት አራቱ በ2014 ከተጫዋችነት ቦታቸው ለቀቁ። በዚያው ክረምት የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ዴቪድ ጊልም ወጥተዋል። ተተኪው አሠልጣኝ ዴቪድ ሞይስ ዓመት ሳይሞላቸው ተሰናበቱ፤ ቡድኑም 7ኛ ሆኖ ጨረሰ። ፈርጉሰን ከሄዱ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት፣ ማለትም እስከ 2023 ድረስ፣ ዩናይትድ ሊጉን አላሸነፈም። ፈርጉሰን ጥሩ ቡድን፣ ጥሩ ወጣቶችም ትቻለሁ ብለው ይከራከራሉ፤ ግብ ጠባቂው ዴቪድ ዴ ሂያ ከነዚህ አንዱ ነበር። ሆኖም ተጫዋቾችን ለ26 ዓመት የተኩ ሰው የራሳቸውን ቦታ መተካት ከሁሉ እንደከበደ ከዚህ እናያለን።

8. ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በካምፕ ውስጥ ያለ ቡድን ከየትኛውም ክለብ ቶሎ ይለዋወጣል። በረኛው በሪሴትልመንት ይሄዳል፤ አምበሉ ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ ሌላው ቤተሰቡን ተከትሎ ይነሣል። ዝርዝሩ ሲለጠፍ ለሄደው ደስ ይለናል፤ ቀጥሎ ግን ቡድኑ ይበተናል። ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዘው ልጅ ሲሄድ ቁልፉ ከማን ጋር እንዳለ የሚያውቅ ይጠፋል። የሚያስጠናን ተማሪ ሲሄድ የጥናቱ ቡድን ያቆማል። መምህራንም እንሄዳለን።

አንዳንድ ተማሪዎች "ነገ ለሚሄድ ሰው ምን ያደክመናል?" ይላሉ። ከላይ ያነበብነው ታሪክ መልሱን ይሰጣል። በማንቸስተርም ሁሉም ሄዷል፤ ጊግስም ሄዷል፤ ፈርጉሰንም ሄደዋል። ሰው ስለሚሄድ ነው ተተኪ የሚዘጋጀው። ተጫዋች የምንገዛበት ገንዘብ የለንም፤ የወጣቶች ቡድን ግን አለን። ሜዳ ዳር ቆመው ኳስ የሚያቀብሉት የ4ኛና የ5ኛ ክፍል ልጆች እነሱ ናቸው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድንና ክበብ ይህን ቢያደርግ መልካም ነው፦
ሀ. በደብተር ላይ ሦስት ዝርዝር ይጻፍ፦ ነባሮች፣ መካከለኞች፣ ጀማሪዎች።
ለ. በእያንዳንዱ ነባር ስም አጠገብ የሚተካው ልጅ ስም ይጻፍ። ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ሥራው ከዚያ ይጀመር።
ሐ. ነባሩ ሳይሄድ ተተኪው አብሮት ይሥራ። በረኛው በሳምንት አንድ ቀን ታናሹን በረኛ ያለማምድ፤ የሒሳብ ጎበዙ አንድ ታናሽ ያስጠና።
መ. ነባሮቹ በአንድ ጊዜ አይውጡ። አዳዲስ ልጆች ሲገቡ ሁለት ሦስት ነባሮች ከጎናቸው ይኑሩ።
ሠ. የሚሄደው ልጅ በክብር ይሸኝ። ቁልፉን፣ ኳሱንና ደብተሩን በሰው ፊት ያስረክብ።

የቃላት ፍቺ

ምሰሶ፦ የቤት ጣራ የሚያርፍበት የመሐል እንጨት።
ባላ፦ ጫፉ ሁለት ቦታ የተከፈለ የድጋፍ እንጨት።
መልማይ፦ ችሎታ ያላቸውን ልጆች ፈልጎ ወደ ክለብ የሚያመጣ ሰው።
የባከነ ሰዓት፦ በጉዳትና በመሳሰለው የጠፋውን ጊዜ ለመተካት ዳኛው የሚጨምረው ደቂቃ።
አንጋፋ፦ በዕድሜና በሥራ ቀዳሚ የሆነ።
ሰር፦ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው የክብር ማዕረግ፤ ፈርጉሰን በ1999 አግኝተውታል።

መልመጃ

ሀ. ከንባቡ መልሱ።
1. ፈርጉሰን ክለቡን ሲረከቡ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነበር? ሊጉን ለማሸነፍስ ስንት የውድድር ዓመት ፈጀባቸው?
2. በ1995 ሦስት ተጫዋቾች ሲሄዱ ቡድኑ ያልወደቀው ለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ስጡ።
3. ዳር ቆሞ ማየት ለአሠልጣኝ የሚጠቅመው እንዴት ነው?

ለ. አስሉ።
4. በሞስኮ ከተጠቀሱት አምስት ተጫዋቾች መካከለኛ ዕድሜ ስንት ነው?
5. ከሴፕቴምበር 11 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ከአውሮፓው ዓመት 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር 10 ባለው ደግሞ 8 ሲቀነስ በአብዛኛው የኢትዮጵያን ዓመት እናገኛለን። ለምሳሌ ኖቬምበር 6 ቀን 1986 ጥቅምት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. ነው። ፈርጉሰን የመጨረሻ ጨዋታቸውን ያደረጉት በስንት ዓ.ም. ነው?

ሐ. ተወያዩ።
6. ፈርጉሰን ለድጋሚው ፍጻሜ ሌይተንን ማስቀረታቸው ትክክል ነበር? ግማሹ ክፍል ይደግፍ፤ ግማሹ ይቃወም።

መ. ጻፉ።
7. እናንተ በክፍላችሁ፣ በቡድናችሁ ወይም በቤታችሁ የምትሠሩትን አንድ ሥራ ምረጡ። ነገ ብትሄዱ ማን ይሠራዋል? ለዚያ ሰው ምን ማስተማር አለባችሁ? በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ።